የነገሥታት መቃብር ፍለጋና የእናርያ ምድር

በጅማ ዙሪያ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በጌራና በሰቃ ገጠሮች፣ ቡናው ተለቅሞ ካበቃ በኋላ ገበሬው ለመጪው ክረምት የችግኝ ጉድጓድ ያዘጋጃል። የጉድጓዱ ልክ አብዛኛውን ጊዜ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ነው። በየሁለት ሜትሩ ቢቆፈር በአንድ ሔክታር 2,500 ጉድጓድ ማለት ነው። ያረጀው ቡና እየተነቀለ በአዲስ ሲተካ፣ ደኑም ወደ እርሻ ሲለወጥ፣ ቀድሞ ያልተነካ አፈር ይነካል። ሥራው መልካም ነው፤ የብዙ ቤተሰብ እንጀራም ነው። ይሁን እንጂ ይህ ምድር የጥንቱ እናርያ ነውና ቤተ ክርስቲያን ጉዳዩን ከሩቅ ልትመለከተው አይገባትም። የነገሥታት መቃብር ፍለጋ ሲነሣ የሁሉም ዓይን ወደ ሰሜን ብቻ ሲያይ ኖሯል፤ እኛ ግን ወደ ደቡብ ምዕራብም ሊታይ ይገባል እንላለን።

የነገሥታቱን መቃብር በዘመን ቅደም ተከተል የሚፈልግ ሰው ከአክሱም ይጀምራል። የዐፄ ካሌብና የዐፄ ገብረ መስቀል መቃብር እየተባሉ የሚጠሩትን መንትያ ሕንጻዎች የጀርመን አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ1906 መዝግበዋቸዋል፤ የ6ኛው ክፍለ ዘመን ነገሥታት ናቸው። ከዚያ ወደ ላስታ ይሻገራል። ቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስ በዋሻው፣ ቅዱስ ላሊበላ በቤተ ጎልጎታ እንዳረፉ ትውፊታችን ያስረዳል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ግን ከአምስት መቶ ዓመታት የማያንስ ዘመን አለ። የአክሱም ነገሥታት በስማቸው ገንዘብ ማሳተም ያቆሙት በ7ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ዐረባዊው ጸሐፊ አል ያዕቁቢ በ9ኛው ክፍለ ዘመን የሐበሻ ንጉሥ መቀመጫ ናት ያላት ኩባር የተባለች ከተማም የት እንደነበረች እስከ አሁን አልተረጋገጠም። ከተማዪቱ ካልተገኘች በእርስዋ የነገሡት የተቀበሩበት እንዴት ይገኛል?

በዚህ ጨለማ ውስጥ አንድ የንጉሥ ድምፅ ይሰማል። በእስክንድርያ ሊቃነ ጳጳሳት ታሪክ እንደ ተጻፈው፣ በአባ ፊላታዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ979 እስከ 1003) የኢትዮጵያ ንጉሥ ለኖባው ንጉሥ ለጊዮርጊስ ደብዳቤ ላከ። አንዲት ንግሥት አገሩን እንዳጠፋች፣ አብያተ ክርስቲያናትን እንዳቃጠለች፣ እርሱንም ከስፍራ ወደ ስፍራ እንደምታሳድደው ገለጸ። ይህ ሁሉ የመጣው አገሪቱ ያለ ጳጳስ በመቅረቷ ነው ብሎ አምኖ፣ የኖባው ንጉሥ ከፓትርያርኩ ዘንድ እንዲያማልደው ለመነ። ልመናው ተሰምቶ ከአባ መቃርስ ገዳም ዳንኤል የተባለ መነኩሴ ተሾመ። የደብዳቤው ጸሐፊ የሆነው ንጉሥ ስሙ በታሪኩ አልተጻፈም። መቃብሩም አይታወቅም። ቤተ ክርስቲያንን ለማዳን የጮኸ ንጉሥ ነበር፤ እኛ ግን በተዝካሩ ቀን እንኳ ልንጠራው አንችልም።

ያችን ንግሥት ትውፊታችን ዮዲት ጉዲት ይላታል። የዐረብኛው መጽሐፍ ግን የበኒ አል ሐምዊያ ንግሥት ብሎ ነው የሚጠራት። ጣልያናዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ ይህ ስም በገልባጮች እጅ የተበላሸ እንደሆነና መነሻው ዳሙታ፣ ማለትም ዳሞት፣ ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። አንባቢ ልብ ይበል፤ ይህ ዳሞት ዛሬ በጎጃም የምናውቀው አይደለም። ጥንታዊው ዳሞት ከዓባይ በስተደቡብ የነበረ፣ የእናርያ ጎረቤት የሆነ አገር ነው፤ ጻድቁ አባታችን አቡነ ተክለ ሃይማኖት ንጉሡን ሞተለሚን አስተምረው ያሳመኑበት ዳሞት ነው። የኮንቲ ሮሲኒን ግምት ሁሉም ሊቃውንት አልተቀበሉትም፤ እኛም እንደ ተረጋገጠ ነገር አናቀርበውም። ግምቱ ትክክል ከሆነ ግን የዚያ ዘመን ታሪክ ግማሹ የተፈጸመው በግቤ ወንዝ ዙሪያ ነው ማለት ነው።

ሌላም ምስክር አለ። የአክሱም መንግሥት ሊያበቃ ሲል ከነገሡት አንዱ ድግና ዣን እስከ እናርያ ድረስ ዘምቷል የሚል ትውፊት ተመዝግቧል። የእናርያ ስም በታሪካችን ቀድሞ የሚሰማውም ከዚህ ንጉሥ ጋር ነው። ከእርሱ በኋላ የነገሠው ድል ነዓድም በሐይቅ ደብረ እግዚአብሔርን ማሠራቱ ይነገራል። እንግዲህ እነዚህ ነገሥታት ፊታቸውን ወደ ደቡብ መልሰው ነበር። በዘመቻ የሚኖር ንጉሥ በዘመቻ ሊሞት ይችላል፤ ካህናቱም ባረፈበት ቀብረውት ሊሆን ይችላል። ከቀበሩት ደግሞ በላዩ ቤተ ክርስቲያን ማነጻቸው የማይቀር ነው።

የኋለኛው የእናርያ ታሪክ ይበልጥ ግልጥ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዐፄ ሠርፀ ድንግል በእናርያ ተገኝተው ገዥው ባደንቾ ሲጠመቅ የክርስትና አባት ሆኑ፤ ካህናትም ተላኩ። እ.ኤ.አ. በ1613 አንቶኒዮ ፈርናንዴዝ የተባለው ኢየሱሳዊ ሚሲዮናዊ በዚያ ሲያልፍ ገዥው ቤኔሮ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የእናርያ መንግሥት አበቃ፤ በኋላም መቀመጫውን በሰቃ ያደረገው የሊሙ እናርያ መንግሥት ተተካ፤ እስልምናም ሰፋ። ጅሬን ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እስከ ዛሬ ቆሞ ይጎበኛል፤ የእናርያ ገዥዎች ግን የሚጎበኝ ነገር አልተረፈላቸውም።

ምን ቢፈለግ ይገኛል? እዚህ ላይ የብዙ ሰው ተስፋ መስተካከል አለበት። የጅማ አፈር ቀይና አሲዳማ ነው፤ ዝናቡም ብዙ ነው። እንዲህ ያለ አፈር ዐጽምን ያሟሟል። በእንግሊዝ አገር ሰተን ሁ በተባለ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1939 የ7ኛው ክፍለ ዘመን የንጉሥ መቃብር ነው የሚባል ተገኝቶ ነበር። 27 ሜትር ርዝመት ያለው መርከብ ከነወርቁ ተቀብሯል፤ እንጨቱ ግን በስብሶ በአሸዋው ላይ ቅርጹንና የብረት ምስማሩን ብቻ ትቶ ጠፍቷል። የሟቹ አካልም አልተገኘም። ሰው በዚያ ተኝቶ እንደነበር ፍንጭ የሰጠው ኋላ የተደረገው የአፈሩ የፎስፌት ምርመራ ነው። በሊሙም የሚጠበቀው ይህን የመሰለ ነው፦ የአፈር ቀለም ለውጥ፣ የምሰሶ ጉድጓድ፣ ዶቃ፣ የዛገ ብረት፣ የሸክላ ስብርባሪ። የሠለጠነ ዓይን ብቻ የሚያነብበው ምልክት ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የቡና ጉድጓድ ይህን ምልክት ቆርጦ ሲያልፍ ቆፋሪው አንዳች ነገር እንዳጠፋ አያውቅም።

ከዚህ የከፋው ሆን ተብሎ የሚደረገው ነው። ወርቅ አለበት እየተባለ በሌሊት የሚቆፈር አሮጌ መቃብር ወሬው አዲስ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር የተከለከለ ነው፤ በአጋጣሚ ያገኘም ሰው ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ አለበት። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከአዋጁ በፊት የነበረ ትምህርት አላት። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 23 ንጉሡ ኢዮስያስ መቃብሮችን ሲያፈርስ አንድ ምልክት አይቶ የማን እንደሆነ ጠየቀ፤ የእግዚአብሔር ሰው መቃብር መሆኑን የነገሩት የከተማው ሰዎች ናቸው። በዚህም ዐጽሙ ሳይነካ ቀረ። ኢዮስያስ ከመቆፈሩ በፊት ጠየቀ፤ የጠየቀውም የስፍራውን ሰዎች ነው።

ሳይንሱንና ጸሎቱን ማስታረቅ አይቻልም የሚሉ ወንድሞች አሉን፤ አንስማማም። ዐፄ በእደ ማርያም የቀደሙትን ነገሥታት ዐጽም ሰብስበው ወደ አትሮንሰ ማርያም አፍልሰዋል። ፍልሰተ ዐጽም በእኛ ዘንድ የታወቀ ሥርዐት ነው። በእንግሊዝ የዊንቸስተር ካቴድራል በስድስት ሣጥኖች የተቀመጠውን የጥንት ነገሥታት ዐጽም ለምርመራ ሲፈቅድ ቤተ ሙከራው በካቴድራሉ ውስጥ እንዲሆን አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2019 እንደተገለጸውም ቢያንስ የ23 ሰዎች ዐጽም መኖሩ ታውቋል። ሊቃውንቱ ወደ ዐጽሙ መጡ እንጂ ዐጽሙ አልተወሰደም። እኛም ከቁፋሮ በፊት በጽሑፍ ልንስማማ የሚገባን በዚህ ላይ ነው፦ ዐጽም ቢገኝ ማን ይጠብቀዋል፣ ጸሎተ ፍትሐት መቼ ይደረስለታል፣ ተመልሶስ የት ያርፋል?

አንድ ነገር በግልጥ መናገር ግድ ይለናል። በዚህ አካባቢ የምንኖረው ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር ነው። «እዚህ ጥንት ቤተ ክርስቲያን ነበረ» የሚለው ቃል በታሪክ ጸሐፊ አፍ ምስክርነት ነው፤ በይዞታ ክርክር ውስጥ ከገባ ግን የጠብ መነሻ ይሆናል። ያን ጊዜ ፍራሹን የሚያውቁት የሙስሊም ሽማግሌዎች አፋቸውን ይዘጋሉ፤ እነርሱ ዝም ካሉ ደግሞ ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት አበቃ። ብዙውን ጊዜ ያንን ስፍራ ሳያርሱ ትተው ያቆዩትም የእነርሱ አባቶች ናቸው።

የጠፋ ቤተ ክርስቲያን ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ያ የኢትዮጵያ ንጉሥ ደብዳቤ የጻፈላት ኖባ ዛሬ ምእመን የላትም። በፋራስ የፖላንድ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1964 ቆፍረው ካቴድራሉን፣ ከ120 በላይ የግድግዳ ሥዕሎችንና የጳጳሳቱን መቃብር ባያገኙ ኖሮ የዓስዋን ግድብ ውኃ ይውጠው ነበር። ግማሹ ወደ ዋርሶ ሄደ፤ ግማሹ የተቀመጠበት የካርቱም ሙዚየም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 በተነሣው ጦርነት ተዘረፈ።

የጅማ ሀገረ ስብከት አጥቢያዎች ዛሬ ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም። የየቀበሌውን የቆየ የቦታ ስም፣ የማይታረሱ ጉብታዎችን፣ ያለ ምክንያት የማይቈረጡ ዛፎችን፣ ሽማግሌዎች ስለ ስፍራው የሚሉትን፣ የተናጋሪውን ዕድሜና የተነገረበትን ቀን በመዝገብ መጻፍ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ስልኩን አውጥቶ የቦታውን ልክ ሊመዘግብ ይችላል። መዝገቡ በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ በሀገረ ስብከቱ ይቀመጥ፣ ሁለተኛው ለቅርስ ባለሥልጣንና ለጅማ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህራን ይሰጥ። አካፋ ግን ማንም አያንሣ።