ስለ ፍቅር ማዕድና ስለ ኀይል ቁጠባ

ልጆች ሆይ፤ ባልና ሚስት የተጋቡበትን ቀን አስበው በቤታቸው ደስ ሊላቸው ቢወዱ የሚያስመሰግን ነገር ነው እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም። ሰው የዘራበትንና ያጨደበትን ወራት የሚያስብ ከሆነ፥ ኑሮውን ከሌላ ሰው ኑሮ ጋር ያጣመረበትን ቀን ማሰቡ እንዴት ይበዛበታል? በጥር ወር ሰርግ ስለሚበዛ፥ ዓመት ዞሮ ጥር በመጣ ጊዜ በብዙ ቤት ይህ መታሰቢያ ይደረጋል። በየካቲት 7 ቀን ገደማ የሚውለውን፥ ከውጭ አገር የመጣውን የፍቅረኞች ቀን የሚያከብሩ ወጣቶችም በከተሞቻችን ይገኛሉ። ነገር ግን በዚህ ደስታ ውስጥ አንድ ስሕተት ገብቶበታል፤ ይኸውም ብዙ ያቃጠለ፥ ብዙ ያበራና ብዙ ያወጣ ሰው ብዙ የወደደ መስሎ መታየቱ ነው። ዛሬ ልነግራችሁ የምወደው ስለዚህ ስሕተት ነው።

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቡታጅራ ከተማ፥ አጥር ለአጥር ተጎራብተው የሚኖሩ ሁለት ባለትዳሮችን በዐይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ።

የመጀመሪያው ሰው የማረቆን በርበሬ እየገዛ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ከተጋባ አምስት ዓመት በሞላው ጊዜ «ሚስቴን እንዴት እንደምወዳት ሰው ሁሉ ይይልኝ» ብሎ ታላቅ ግብዣ አሰበ። በእጁ ያለው ገንዘብ አልበቃ ስላለው የደረሰውን የእቁብ ብር ጨመረበት፤ እርሱም ባይበቃ ከወዳጁ ተበደረ። አበው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት ይህን የመሰለውን ነገር ነው። አጥሩን ዙሪያውን በአምፖል አስጌጠው፤ ለሙዚቃ የሚሆን ትልቅ የድምፅ ማጉያ ተከራየ፤ እንግዳው ስለ በዛም በምሽት ሦስት የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ጊዜ ተለኰሰ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በሆነ ጊዜ የቤቱ መስመር ሸክሙን መቻል አቅቶት መብራቱ ድርግም አለ። ከዚያ ወዲያ የቀረው ሥራ በእንጨት እሳት ሆነ፤ ጓዳውም በጢስ ታፈነ።

በዚያች ሌሊት ሚስቲቱ የት ነበረች? ግብዣው በእርሷ ስም የተደረገ ሲሆን፥ እርሷ ግን ከጎህ ጀምራ ከምድጃ አልተለየችም። እንግዶቹ ስሟን ጠርተው ባጨበጨቡ ጊዜ ወጥ ታማስል ነበር። የተገዛላትም አዲስ ልብስ ጢስ ጢስ ይሸት ነበር። እንግዳ ሁሉ ተሸኝቶ ባል «ደስ አለሽን?» ብሎ ሊጠይቃት ቢመለስ፥ በተቀመጠችበት እንቅልፍ ወስዷት አገኛት። ጥቂት ወራት ካለፈ በኋላም በርበሬ የሚረክስበት ጊዜ መጣ፤ ሌሎች ነጋዴዎች ሲገዙ እርሱ የእቁቡን መዋጮና የወዳጁን ብድር ይከፍል ስለ ነበረ የሚገዛበት ብር አጣ። ከዚያም በቤቱ ክርክር ተነሣ፤ ስለ ፍቅር የወጣው ገንዘብ ፍቅርን የሚያደፈርስ ሆነ።

ሁለተኛው ሰው መምህር ነው፤ ሚስቱም በስፌት መኪና ልብስ ትሰፋለች። እነርሱም የተጋቡበት ቀን በደረሰ ጊዜ አስቀድመው ተቀምጠው ተመካከሩ፤ ምን ያህል ብር እንደሚያወጡም በወረቀት ጻፉ። እንጀራውን በማለዳ በአንድ ጊዜ ጋግረው ጨረሱ። ጎመኑን ባልየው ከተፈው፤ ጀበናውንም እርሱ አጠበው። ማታ ወላጆቻቸውንና ሁለት ወዳጆቻቸውን ብቻ ጠርተው በሁለት ቆጣቢ አምፖል ብርሃን በሉ፥ ጠጡም። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ተጫጩበት ወራት እያነሡ እስኪመሽ ሲሥቁ አመሹ። ከጻፉት ሒሳብ የተረፈውንም ብር ለሴት ልጃቸው የትምህርት ቤት ልብስ አደረጉት።

እንግዲህ ፍረዱ፤ ከሁለቱ ቤት የፍቅር በዓል የተደረገው በየትኛው ነው?

በቋንቋችን «ኀይል» የምንለው ቃል አንድ ብቻ ቢሆን፥ የሚያመለክተው ግን ብዙ ነገር ነው። በሽቦ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ኀይል ነው፤ በምድጃ የሚነደው የማገዶ ኀይል ነው፤ በሰው ክንድ ውስጥ ያለውም ኀይል ነው። የመጀመሪያው ሰው ሦስቱንም በአንድ ሌሊት አባከነ። ከሁሉ የሚያሳዝነውም የመጨረሻው ነው፤ እወዳታለሁ ያላትን ሴት ጉልበት እንደ ማገዶ አንድዶታልና። ስለዚህ በፍቅር በዓል መጀመሪያ መቈጠብ የሚገባው ኀይል የምትወዱት ሰው ኀይል ነው። እርሱን የሚቈጥብ ሰው ሌላውን ሁሉ መቈጠብ ሳያውቀው ይማራል።

ይህ ምክር በቃል ብቻ እንዳይቀር ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። በቀድሞው ዓይነት 60 ዋት አምፖል ዐሥር መብራት ለአምስት ሰዓት ቢበራ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። በ9 ዋት ቆጣቢ አምፖል ቢሆን ግን ያው ዐሥር መብራት፥ በያው አምስት ሰዓት፥ ከግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ያነሰ ነው የሚፈጀው፤ ብርሃኑም ተቀራራቢ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል። ስለዚህ አንድ ምጣድ አንድ ሰዓት ብቻ ቢሠራ፥ እነዚያ ዐሥር አሮጌ አምፖሎች ምሽቱን በሙሉ የሚፈጁትን ያህል ወይም ከዚያ የበለጠ ይፈጃል። ከዚህ የምንማረው፥ አምፖል እያጠፋ ምጣድን ሥራ ፈት አድርጎ የሚያግል ሰው በአንድ እጁ ሰብስቦ በሌላው እጁ የሚበትን መሆኑን ነው። ምጣድ አንድ ጊዜ ከጋለ በኋላ ሊጡ ሁሉ አከታትሎ ቢጋገር፥ አክንባሎውም በየጊዜው ያለ ምክንያት ባይከፈት፥ ሙቀቱ አይባክንም። ይህም ሥራ በማለዳ ወይም በቀትር ቢሆን ይሻላል፤ ምሽት ሰው ሁሉ መብራቱን የሚያበራበትና ራቱን የሚሠራበት ሰዓት ስለ ሆነ መስመሩ ይጨናነቃልና።

ክፍያውም ቢሆን ቀላል አይደለም። በአገራችን የመኖሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ታሪፍ በእርከን የተከፈለ ነው፤ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ሰው አነስተኛውን ዋጋ ይከፍላል፤ አጠቃቀሙ እየጨመረ በሄደ መጠን የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም ታሪፉ ደረጃ በደረጃ ከፍ እንዲል ተደርጓል።

በቡታጅራ ለምትኖሩ ደግሞ የምትጠቀሙበት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ፥ በእርሷ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው እንጂ እንደ ባሕር ዳርቻ አገር 100 ዲግሪ አይደርስም። ስለዚህ ባቄላና ቦሎቄ ለመብሰል ረጅም ጊዜ ይፈልጋሉ። ብዙ ሰው ይህን ባለማወቅ ከድስቱ ሥር እንጨት ይከምራል፤ ነገር ግን ውኃ አንድ ጊዜ ከፈላ በኋላ እሳት ቢጨምሩለት ፈልቶ ያልቃል እንጂ አብልጦ አይሞቅም። ብልህ ሴት፥ ወይም ብልህ ወንድ፥ እህሉን በዋዜማው ማታ ይዘፈዝፈዋል፤ ድስቱን ይከድናል፤ ውኃው ሲፈላም እሳቱን ይቀንሳል። ወጡ ይበስላል፥ ማገዶውም ይተርፋል።

ደግሞ የአባቶቻችንን ማዕድ ተመልከቱ። የጉራጌ አገር መመኪያ የሆነው ክትፎ በሚጥሚጣና በተነጠረ ቅቤ የሚታሽ ነው፤ ለብለብ ተደርጎ ቢቀርብ እንኳ የሚያስፈልገው እሳት ጥቂት ነው። ቆጮ የሚገኝበት እንሰት ተፍቆ ጕድጓድ ውስጥ ከተቀበረ በኋላ ለብዙ ወራት ሳይበላሽ ይቆያል፤ ያለ ሽቦና ያለ ማቀዝቀዣም ለክፉ ቀን ይሆናል። ሴቶቹም ዊጆ በሚባል ማኅበር በየተራ ቅቤ እያዋጡ ለመስቀል ያደርሱታል። እንግዲህ ለታላቅ ድግስ በብድር መዘጋጀት የአባቶች ልማድ አይደለም፤ ልማዳቸው ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት አጠራቅሞ በዓሉን ያለ ዕዳ መዋል ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከአለም ገና በቡታጅራ አልፎ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰውን መንገድ ለማሠራት ሕዝቡ ገንዘብ ማዋጣቱን አስቡ። ጥቂት ጥቂት ሲጠራቀም ተራራ የሚያሻግር መንገድ ይሆናል፤ በጥቂት በጥቂት ሲባክን ግን የቤት በር እንኳ አያሳድስም።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ «ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ የለምን? 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ካለው፥ እኛ አንድ ምሽት ብናበራ ማንን እንጐዳለን?» ይል ይሆናል። ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን እንዲህ ነው። ግድቡ ብዙ ኀይል ቢሰጥም፥ ያ ኀይል ወደ ቤታችን የሚደርሰው በሽቦና በትራንስፎርመር ነው፤ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ከተጫነበት በላይ ቢሸከም ይቃጠላል፥ ሰፈሩም ሁሉ ይጨልማል። ደግሞም በገጠር የሚኖሩ፥ እስከ ዛሬ ድረስ መብራት ያልደረሳቸው ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ከዚህም በላይ ያ ግድብ ራሱ ከደመወዙና ከንግዱ ቀንሶ ቦንድ በገዛ ሕዝብ ቁጠባ ጭምር የተሠራ ነው። በቁጠባ የተገኘውን ነገር በብክነት ማክበር አይገባም።

አሁንም ከገንዘብ የሚከብድ አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ሰዎች መብራት ለመቈጠብ ወይም ቤቱን ለማሞቅ ብለው በምሽት ከሰል አቀጣጥለው መኝታ ቤት ያስገባሉ፤ ብርድ እንዳይገባም በሩንና መስኮቱን ይዘጋሉ። ልጆች ሆይ፤ ይህ ቁጠባ አይደለም፥ ሞትን ወደ ቤት መጥራት ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳያውቀው ይገድለዋል። ቡና የፈላበት ከሰል ሁልጊዜ ከመኝታ በፊት ከቤት ወጥቶ መጥፋት አለበት። ሻማም ቢሆን ከመጋረጃ ርቆ ይቀመጥ፤ ሰው ሳይተኛም ይጥፋ። ሕይወትን የማይጠብቅ ቁጠባ ስሙ ቁጠባ አይባልም።

ነገር ግን ይህን ሁሉ ስላልሁ ንፉግነትን ያመሰገንሁ አይምሰላችሁ። በዓመት አንድ ቀን እንኳ ለሚስቱ አበባ ሊሰጥ የሚሰስት፥ «ቁጠባ ነው» እያለ የባዶ ቤት ቁልፍ የሚቈጥር ሰው ከአባካኙ አይሻልም። አባካኙ የነገን እንጀራ ዛሬ ይበላዋል፤ ንፉጉ ደግሞ የዛሬን እንጀራ ለነገ ሲያስቀምጥ ያሻግተዋል። መልካሙ መንገድ በመካከል ያለው ነው፤ ይኸውም አስቀድሞ መመካከር፥ ዐቅምን ማወቅ፥ ሥራውን ለሁለት መካፈል፥ ዕዳም ሳይገቡ ደስ መሰኘት ነው።

ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ነገ ጎጆ ትወጣላችሁ። ያን ጊዜ የተጋባችሁበት ቀን በደረሰ ቍጥር «ምን ያህል እናብራ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ «ዛሬ ማን ይረፍ?» ብላችሁ ጀምሩ። ሌሎቹ መብራቶች ሁሉ ቢጠፉ፥ በአንድ አምፖል ሥር ሁለት ያልደከሙ ፊቶች ተያይተው የሚሥቁበት ቤት አይጨልምም።