ሳንቃበር የማን ነው?

በ2011 ዓ.ም. ተማሪዎቼን ከሰባታሚት አንሥቼ በሰሜን ተራሮች ለማሳደር አስቤ ለአንድ አስጎብኚ ድርጅት ደወልሁ። «ሳንቃበር ሞልቷል፤ የሚያውቁት ሰው ካለ ግን ይቻላል» ተባልሁ። ሰው! እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ በተመዘገበ የሕዝብ ምድር ላይ ድንኳን ለመትከል ዘመድ ያሻልን? ፓርኩ ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ቆይቶ የወጣው በብዙ ድካም ነው፤ የግጭ ገበሬ ቀዬውን ለቆለታል።

ቦታው ውስን መሆኑን አልክድም። ውስን ከሆነማ ተራው ይጻፋ! ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ በየሌሊቱ ስንት ድንኳን እንደሚይዙ፣ ማን ቀድሞ እንደተመዘገበ በይፋ ይለጠፍ። የዳቦ ሰልፍ እንኳ (ቢያጋፋም) ተራ አለው። ሰላም ሰፍኖ እንግዳ ሳይበዛ ይህ ደንብ ይውጣ።

ተማሪዎቼ በዚያ ዓመት ጎንደር አድረው ተመለሱ።