ቀይዋ ነጥብ እጃችንን ስታጋልጥ

የሽጉጥ ተኩስ ስፖርት የሚወድ ጓደኛ ካላችሁ ስለ «ሬድ ዶት» ሲሟገት ሳትሰሙት አትቀሩም። ሽጉጥ አናት ላይ የምትገጠም፣ መስታወቷ ላይ ቀይ ነጥብ የምታሳይ ትንሽ ማነጣጠሪያ ናት። ግማሹ «ይሄማ ማጭበርበር ነው» ይላል። ግማሹ ደግሞ እሷን ከገጠመ ወዲያ ልምምድ የሚቀርለት ይመስለዋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለቱም ስተዋል።

እስቲ ከአሠራሯ እንጀምር። በተለመደው ሽጉጥ ዓይናችን ሦስት ነገር ማስታረቅ አለበት፦ የኋላውን ማነጣጠሪያ፣ የፊቱን ማነጣጠሪያና ኢላማውን። ዓይን ግን በአንድ ጊዜ አጥርቶ የሚያየው አንዱን ርቀት ብቻ ነው። ሬድ ዶት ይህን ጣጣ ታቀላለች። ነጥቧ ራቅ ብላ ኢላማው ላይ ያረፈች ስለምትመስል፣ ሁለቱንም ዓይን ከፍቶ ኢላማውን ማየት ይበቃል። ዕድሜ ገፍቶ ቅርቡ ለደበዘዘበት ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። መነጽር ማድረግን ማጭበርበር የሚል አለ እንዴ?

ነገር ግን ነጥቧ ይሉኝታ አታውቅም። ክንዳችሁን እንደዘረጋችሁ ኢላማው ላይ መዋለል ትጀምራለች። የእጃችሁ መንቀጥቀጥ ድሮም ነበር፤ አሁን ታየ እንጂ። ጀማሪው ይደነግጥና ነጥቧ መሃል ላይ የምትደርስበትን ቅጽበት ጠብቆ ምላጩን ይመነጭቃል። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። አፈሙዙ በ16 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ፣ 25 ሜትር ላይ ጥይቱ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ይስታል። ትንሹን መዋለል ችሎ ምላጩን በዝግታ የሚስበው ሰው ግን የተሻለ ያገኛል።

እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ላይ ዓለምን ያስገረመውን ቱርካዊ፣ ዩሱፍ ዲኬችን አስታውሱት። አንድ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ሁለት ዓይኑን ከፍቶ፣ ከሸቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ የድብልቅ ቡድን ውድድር ብር ወሰደ። በኦሊምፒክ የሽጉጥ ውድድር ሬድ ዶት ለማንም አይፈቀድም። ሰው ያደነቀው አለባበሱን ነበር፤ እኔን የገረመኝ ግን ያ አምስተኛ ኦሊምፒኩ መሆኑ ነው። የ51 ዓመት ሰው እጅ እንዲሁ አልረጋም። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ታዲያ ነጥቧን እንደ አስተማሪ እንያት። በሕጋዊ ማሠልጠኛ፣ አሠልጣኝ ባለበት፣ ጥይት አልባ መሆኑ ሁለት ጊዜ በተረጋገጠ ሽጉጥ ምላጭ መሳብን መለማመድ ይቻላል። ነጥቧ ስትሳብ ከዘለለች ጥፋቱ የጣት ነው። ሽጉጡ ሲነሳ ነጥቧ ከጠፋች ደግሞ አያያዙ ተበላሽቷል ማለት ነው። በየጊዜው ጥይቱ ነጥቧ ያረፈችበት መምታቱን ማረጋገጥም ግድ ነው።

ወረቀት ላይ መሳት ነጥብ ያስቀንሳል። ሌላ ቦታ ግን የተተኮሰ ጥይት አይመለስም። ዕቃ ገዝቶ ልምምዱን የተወ ሰው አጠገቡ ለቆመው ሁሉ አደጋ ነው። ስለዚህ ጓደኛችሁ አዲሷን ሬድ ዶት ሲያሳያችሁ ዋጋዋን አትጠይቁት። በሳምንት ስንት ቀን እንደሚለማመድ ጠይቁት።