ስድስት ተራራ፣ አንድ አደራ

ወገኖቼ! ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በስተቀር በዓለም ላይ የትም የለም። እኛ ካጣነው ዓለም ሁሉ አጣው ማለት ነው። ዛሬ ለመራባት የደረሱት ቀበሮዎች ቁጥር ከ500 በታች ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ አደጋው ግን ከቁጥሩም የከፋ ነው።

ምክንያቱም እነዚህ ቀበሮዎች አንድ ላይ አይኖሩም። በሰሜን ተራሮች፣ በሰሜን ወሎ፣ በደቡብ ወሎ፣ በመንዝ ጓሳ፣ በአርሲና በባሌ ተበታትነዋል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ላይ ሲሆኑ፣ የቀሩት በየተራራው አናት ተነጣጥለው ቀርተዋል። በመካከላቸው እርሻ አለ፣ መንደር አለ፣ ቆላ አለ። የሰሜን ተራሮች ቀበሮ ከመንዙ ጋር ተገናኝቶ አይዋለድም። ስለዚህ በእጃችን ያለው አንድ ትልቅ ሀብት ሳይሆን ስድስት ትንንሽ ቅሪቶች ናቸው፤ እያንዳንዱም ለብቻው ሊጠፋ ይችላል። ጎጃም ውስጥ ከጮቄ፣ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከጎሽ ሜዳ ቀበሮው አንዴ ጠፍቶ አልተመለሰም።

ባሌ ላይ ያለውን የሳነቲን አምባ በማለዳ ያየ ሰው ይህ ፍጡር እንዴት እንደሚኖር ያውቃል። ቤተሰቡ በአንድነት ተነስቶ የግዛቱን ወሰን ይዞራል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ለየብቻው ለአደን ይሰማራል። ጆሮውን ቀስሮ፣ ሆዱን ከሣሩ አጣብቆ፣ ፍልፈሉ ከጉድጓዱ ብቅ እስኪል ይጠብቃል። በቡድኑ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንዲት ዋና ሴት ብቻ ናት፤ ሌሎቹ ግልገሎቿን ይመግባሉ፣ ይጠብቃሉ። ሁለት ዓመት የሞላቸው ሴቶች አዲስ ቦታ ፍለጋ ይወጣሉ። ማረሻው ተራራውን ሽቅብ በወጣ ቁጥር ግን የሚሄዱበት ቦታ ይጠብባል። የሚወልዱት ጥቂት፣ የሚሄዱበትም ጠባብ ሲሆን፣ አንድ መቅሰፍት ያጎደለውን ለመተካት ብዙ ዓመት ይፈጃል።

መቅሰፍቱም ደጋግሞ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ገብቶ፣ በወብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱን ያህል ጨረሰ። በ2008 እና በ2014 ተመልሶ መጣ። ዲስተምፐር የተባለው የውሻ በሽታም ተከተለው። ባሌ ብዙ ስለነበረው ከጉዳቱ አገገመ። ያው በሽታ በአስር የሚቆጠሩ ቀበሮዎች ብቻ ወደቀሩበት ተራራ ቢወጣ ግን ምን ይተርፋል?

ተነጥሎ የቀረ ጥቂት እንስሳ በቀላሉ እንደሚጠፋ የህንድ ታይገሮች ታሪክ ምስክር ነው። ህንድ ከዓለም የዱር ታይገሮች ሦስት አራተኛ ያህሉን ይዛለች። ሆኖም ፓና በተባለው ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2009 አንድም ታይገር አልቀረም ነበር። የአገሩ ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ከሌሎች ፓርኮች ታይገሮችን አምጥተው ለቀቁ፤ ዛሬ ፓና ውስጥ ታይገር እንደገና ይወለዳል። ሲምሊፓል ላይ ደግሞ ተነጥለው የቀሩት ታይገሮች እርስ በርስ እየተዋለዱ በመቆየታቸው፣ በሌላ ቦታ እምብዛም የማይታይ ጥቁር መልክ በብዛት ወጣባቸው። እነሱን ለመርዳት በ2024 ከሌላ ፓርክ ሴት ታይገሮች ተወሰዱላቸው። ህንድ ግን ከአንዱ ፓርክ የጎደለውን የምትተካበት ሌላ ብዙ ፓርክ አላት። እኛ ያለን ስድስት ተራራ ብቻ ነው!

መድኃኒቱ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2003 ወረርሽኙ ሲነሳ ሁሉንም ቀበሮ መከተብ አልተቻለም፤ አንዱን ሸለቆ ከሌላው በሚያገናኙት ጠባብ መተላለፊያዎች ያሉት ተከተቡና የበሽታው መንገድ ተዘጋ። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ በሽታው ሳይመጣ በሥጋ ውስጥ ተደርጎ የሚሰጥ ክትባት በሥራ ላይ ውሏል። በባሌ ዙሪያም በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ውሾች ይከተባሉ። መንዝ ላይ ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ዘመን እስከ እ.ኤ.አ. 1975 በዘለቀው፣ ቄሮ በተባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ጓሳውን ለዓመታት እየከለለ፣ በችግር ጊዜ እየከፈተ ጠብቆ አቆይቶታል። ሣሩ ሲጠበቅ አይጡና ፍልፈሉ ኖረ፤ እነሱ ሲኖሩ ቀበሮውም ኖረ።

እንግዲህ እንነሳ!

በደጋው የምትኖሩ አባቶቻችንና እናቶቻችን፣ ውሻችሁን አስከትቡ፤ ከቤት አርቃችሁ አትልቀቁት። የተከተበ ውሻ ቀበሮውን ብቻ ሳይሆን ከውሻው ጋር የሚጫወተውን ልጃችሁንም ያድናል።

የቀበሌና የወረዳ አመራሮች፣ የክትባት ቀን ቁረጡ፣ ሕዝቡን ጥሩ። ከተራራው አናት የቀረችውን ሣር ለእርሻ አታከፋፍሉ። የቄሮን ዓይነት ሥርዓት ያላቸውን ማኅበረሰቦች በሕግ ደግፉ፤ ከቱሪዝም የሚገኘውም ገቢ ለጠባቂዎቹ ይድረስ።

የእንስሳት ሐኪሞችና የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ዕውቀታችሁን ይዛችሁ ወደ ወሎና ወደ አርሲ ተራሮች ውጡ። ዓይን ሁሉ ወደ ባሌ ሲያይ ትንንሾቹ በዝምታ እንዳይጠፉ። የሳነቲን መንገድ የምታቋርጡ ሾፌሮች፣ ፍጥነት ቀንሱ። የሃይማኖት አባቶች፣ ፍጥረትን መጠበቅ የእምነት ግዴታ መሆኑን ከዐውደ ምሕረትና ከሚንበር አስተምሩ። በከተማና በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች፣ ደጋውን ጎብኙ፤ ለክትባቱና ለጠባቂዎቹ ገንዘብ አዋጡ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይባላል። ስድስቱን ተራራ አንድ ባለሥልጣን ወይም አንድ ድርጅት ብቻውን አይጠብቃቸውም። በስድስቱም ተራራ ያለን ሰዎች፣ ከሩቅ የምናስብም ጭምር፣ የየድርሻችንን ካነሳን ይቻላል። ጮቄና ጎሽ ሜዳ ላይ ዘግይተናል። በቀሩት ስድስቱ ላይ አንዘግይ፤ ሥራውን በዚህ ዓመት፣ በየቀበሌያችን፣ ውሾቻችንን በማስከተብ እንጀምር።