ስለ ልደት እንግዳና ስለ ዳቦ ቆሎ

በልደት ቀን ለሚመጣ እንግዳ ኬክ ካልቀረበለት በቀር አልተከበረም የሚል አሳብ በየከተማው እየሠለጠነ ኼዷል፤ ደብረ ወርቅም ከዚህ አሳብ አልራቀችም። አሳቡን የሚደግፉት አብዛኞቹ የተማሩ ሰዎች ናቸው። ክርክራቸውም ቆሎና ዳቦ ቆሎ የመንገደኛና የተማሪ ስንቅ እንጂ የበዓል መስተንግዶ አይደለም የሚል ነው።

አንዳንዶች ደግሞ ለዚህ መልስ ሲሰጡ፥ ኬክ የባዕድ አገር ምግብ ነውና ይቅር ይላሉ። ይህ መልስ ደካማ ነው። ስንዴው የአገር ስንዴ ነው፤ ስኳርም በወንጂ መመረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ከባዕድ የመጣ ኹሉ ይቅር ከተባለማ፥ በርበሬም ከባሕር ማዶ የመጣ ነውና ከዶሮው ወጥ ሊወጣ ነው! የኬክ ነውሩ ሌላ ነው፤ ይኸውም ተቈጥሮ የሚቈረስ መኾኑ ነው። ለዐሥራ ሁለት ሰው የተቈረሰ ኬክ ዐሥራ ሦስተኛውን እንግዳ አያውቀውም፤ እርሱ በደጅ ብቅ ሲል የባለቤቲቱ ፊት ይለወጣል። የሚከበረው በዓል ግን እናቱ በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ ያጣችለት ጌታ የተወለደበት ነው።

ዳቦ ቆሎ አይቈጠርም፤ በእፍኝ ይሰጣል። አሠራሩም ቀላል ነው። የተነፋ የስንዴ ዱቄት በጨው፥ በጥቂት በርበሬና በኑግ ዘይት ይለወሳል፤ ጣፋጭ ለሚወድ ማር ወይም ስኳር ይጨመርበታል። ውኃው ጥቂት በጥቂት እየገባ ሊጡ ጠንከር ብሎ ይታሻል፤ አርፎም በመዳፍ እየተንከባለለ እንደ ገመድ ይረዝማል፤ ሽምብራ በሚያህል መጠንም ይቈረጣል። ከዚህ የበለጠ እንደ ኾነ ውጩ ሲያር ውስጡ ሊጥ ይቀራል። ከዚያ በኋላ በምጣድ ላይ፥ እሳቱ ሳይበረታ፥ መልኩ እስኪቀላ ድረስ በማመሻ ሳያቋርጡ ማመስ ነው። ትኩሱን የከደነ ሰው ድካሙ ከንቱ ነው፤ ያልበዋልና ይለሰልሳል። በሚገባ ቀዝቅዞ በደረቅ ዕቃ የተከደነ ግን ለብዙ ሳምንት ይቈያል።

«ዶሮው፥ ድፎ ዳቦውና ጠላው በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ሳሉ ሌላ ሥራ መጨመር ግፍ ነው» የሚሉም አሉ። ከቀረቡት ክርክሮች ኹሉ ብርቱው ይህ ነው፤ ድካሙ እውነተኛ ነውና። ዳሩ ግን ዳቦ ቆሎ የዋዜማ ሥራ አይደለም። በኅዳር 15 ቀን በሚገባው በጾመ ነቢያት ውስጥ፥ በዓሉ ሳምንት ሲቀረው፥ ተሠርቶ ያድራል፤ ቅቤና ዕንቍላል ስለማይገባበትም የምትጾመው ሴት ጨውን ቀምሳ መለካት ትችላለች። መቍረጡ የልጆች ሥራ ሊኾን ይችላል። ስለ ሚስቱ ድካም በአደባባይ የሚከራከረውም ባል ቢላዋ ይዞ ቢቀመጥ ክርክሩ ይበልጥ ይታመንለት ነበር። ኬክ ወዳዱ የሚያደንቃቸው ጀርመኖች እንኳ ለልደታቸው ትንንሽ ብስኩት በየቤታቸው ቀደም ብለው ጋግረው በቈርቈሮ ሣጥን ያኖራሉ እንጂ ኹሉን ከሱቅ አይጠብቁም።

«የተማሪ ስንቅ ነው» ማለት ግን ስድብ ኾኖ መነገሩ ያስገርማል። በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ያደገ ኹሉ ስሙ የቆሎ ተማሪ ነበር፤ በልደት ሌሊት ማሕሌቱን የሚመሩት ሊቃውንትም በዚሁ ስም ተጠርተው ያለፉ ናቸው። የቅዱስ ቍርባኑ ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤትም ቤተልሔም ይባላል፤ ትርጓሜውም ቤተ ኅብስት ነው። በዚህ ስም በምትኰራ አገር የሊቃውንቷ ስንቅ ለእንግዳ የሚያሳፍር ኾኖ የተገኘው ከመቼ ወዲህ ነው?

በዓሉ በዋለበት ዕለትም ደበሎ የለበሰ ልጅ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ በደጅ ይቆማል። ኬክ ቢሰጡት በአኩፋዳው ውስጥ ተፈርፍሮ ከእንጀራው ጋር ይላቈጣል። ሁለት እፍኝ ዳቦ ቆሎ ቢሰጡት ግን እስከ ጥምቀት ድረስ ቀለሙን እያጠና ይቈረጥመዋል።