ክራክ በተደረገ ዊንዶውስ የሚጻፍ «ዲጂታል ሉዓላዊነት»

«ዲጂታል ሉዓላዊነት» የሚለው ቃል ከስብሰባ ባነር ላይ ጠፍቶ አያውቅም። ባነሩ የተዘጋጀበት ኮምፒውተር ግን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ክራክ በተደረገ ዊንዶውስ ነው። ሪፖርቱ ክራክ በተደረገ ወርድ ይጻፋል፣ በቴሌግራም ግሩፕ ይላካል፣ ለበላይ አካል በግል ጂሜይል ይደርሳል። ይህን የማያውቅ የቢሮ ሠራተኛ ካለ ትናንት የተቀጠረ ነው።

ክራኩ ነፃ ይመስላል። ቁልፉን የሰበረው ማን እንደሆነ፣ ከፕሮግራሙ ጋር ምን እንዳስገባ ግን የሚጠይቅ የለም፤ ፍላሹ ከላፕቶፕ ላፕቶፕ ሲዞር ቫይረሱም አብሮ ይዞራል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸው አሮጌ ማሽኖች ምን ይሁኑ? የወረዳ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ጥሎ አዲስ የሚገዛበት በጀት የለውም። ከእነዚህ ማሽኖች በብዙዎቹ ላይ ሊኑክስ ያለ ክፍያ ይጫናል። የአማርኛ ገጽታ ያለው ሊብሬ ኦፊስም አለ። የሚያስቀረው ጫኚው ሳይሆን አለቃው ነው።

«የኛ ሰው አይለምደውም» ይባላል። የኛ ሰው ለምዶታል እኮ! በኪሱ የያዘው አንድሮይድ ስልክ ውስጡ ሊኑክስ ነው። ፋይዳ መታወቂያ የቆመው ከሕንድ ባንጋሎር በተነሣው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። ጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን ሪፖርት የሚሰበስብበት ሥርዓትም በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ክፍት ሶፍትዌር ነው። ለዜጋው ሁሉ መታወቂያ የታመነ ነገር ለቃለ ጉባኤ መጻፊያ አይታመንም ማለት ነው?

ዝግ ነገር የሚያስከፍለውን ዋጋ ደግሞ አማርኛ ጸሐፊ ከማንም በላይ ያውቃል። በቪዥዋል ግዕዝ ዘመን የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ፊደሉ ተበታትኖ የላቲን ምልክት ብቻ ይቀር ነበር። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ባይገባ ኖሮ፣ ማለትም ማንም በነፃ የሚጠቀምበት የጋራ ደረጃ ባይኖር ኖሮ፣ ዛሬ በስልክ አማርኛ መጻፍ በአንድ ሻጭ ፈቃድ ላይ ይንጠለጠል ነበር። በድሮ ፎንት ታስሮ የቀረ መዝገብ እስካሁን በየመሥሪያ ቤቱ አለ።

ቴሌግራምም ከዚህ አያመልጥም፣ ይህ ጽሑፍ የሚነበበው በዚያው ቢሆንም። የአፑ ኮድ ክፍት ነው፤ የሰርቨሩ ግን ዝግ ነው። የግሩፕና የቻናል መልእክት ከጫፍ እስከ ጫፍ አልተመሰጠረም። የመሥሪያ ቤት ሰነድ በዚያ ሲላክ የሚቀመጠው የመሥሪያ ቤቱ ባልሆነ ቤት ነው። የፈረንሳይ መንግሥት ለሠራተኞቹ የራሱን መልእክት መለዋወጫ የሠራው ማትሪክስ በተባለ ያልተማከለ ሥርዓት ላይ ነው። አሠራሩ እንደ ኢሜይል ነው፦ አንዱ በጂሜይል፣ ሌላው በያሁ ሆኖ ይጻጻፋል፤ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤትም የራሱን ሰርቨር በራሱ ጓዳ ያቆማል።

ያልተማከለ ማለት የማይዘጋ ማለት አይደለም፤ እንዲህ ብሎ የሚሸጥ ሰው ካለ ውሸታም ነው። የካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወራት ያህል ሲታገዱ ሕዝቡ ቪፒኤን ነበረው። በትግራይ ጦርነት ጊዜ መስመሩ ራሱ ሲቆረጥ ግን የትኛውም ሶፍትዌር አላዳነም። የእነዚያ አምስት ወራት ጥያቄ ሌላ ነው፦ ገበያቸውን በሙሉ አንድ አፕ ላይ ያቆሙ ነጋዴዎች የደንበኞቻቸውን ዝርዝር እንኳ ሌላ ቦታ ለምን አልያዙም?

የሙኒክ ከተማ ዓመታት ከሊኑክስ ጋር ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወስናለች። ተቃዋሚዎች ይህን መጥቀስ ይወዳሉ። ሽለስቪግ-ሆልስታይን የተባለው የዚያው አገር ክፍለ ግዛት ግን እ.ኤ.አ. በ2024፣ 30,000 ያህል ኮምፒውተሮችን ወደ ሊብሬ ኦፊስ ለማዛወር መወሰኑን አይጠቅሱም። እዚህ 30,000 አልተጠየቀም። አንድ ክፍለ ከተማ፣ አንድ ቢሮ፣ ሃያ ኮምፒውተር፣ አንድ የበጀት ዓመት ብቻ ይሞከር፤ የወጣው ወጪና የተበላሸው ፋይልም ተቆጥሮ በይፋ ይነገር።