ምስክሩ በአማርኛ ሲናገር

የክርያት አታ ነዋሪ ክስ ሲገጥመው ብዙ ጊዜ ደጅ የሚጠናው ክርያት ቢያሊክ ባለው የክራዮት ሻሎም ፍርድ ቤት ነው። ችሎት ላይ ጸሐፊዋ የሚባለውን ኮምፒውተር ላይ ትጽፋለች፤ ዕብራይስጡ በስክሪኑ ላይ መስመር በመስመር ይወርዳል። ለምስክርነት የቆሙ አዛውንት ግን የሚናገሩት በአማርኛ ነው። ፕሮቶኮሉ ላይ የሚሰፍረው የእሳቸው ቃል ሳይሆን አስተርጓሚው የተናገረው ዕብራይስጥ ነው። ድምፅ እንዲቀዳ ካልታዘዘ አማርኛው እዚያው ጠፍቶ ይቀራል።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አዛውንቱ «ከሌሊቱ ሦስት ሰዓት ላይ አየሁት» ቢሉና አስተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ቢያሻግረው፣ በእስራኤል አቆጣጠር ማታ 9 ሰዓት የታየው ሰው ከእኩለ ሌሊት በኋላ 3 ሰዓት ላይ ታየ ተብሎ ይመዘገባል። ስድስት ሰዓት ተዛብቶ አንድ ሰው ሊፈረድበት ይችላል። በይግባኝ ጊዜ ጠበቃው «እንዲህ አላሉም» ቢል በምን ያስረዳል?

በሩ ግን አልተዘጋም። የ1984ቱ የእስራኤል የፍርድ ቤቶች ሕግ አንቀጽ 70 ችሎት ውስጥ ፎቶ ማንሳትንም ሆነ ፎቶውን ማሳተምን የሚከለክለው ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ ሲሆን ነው። የድምፅ ቅጂም እንዲሁ በማመልከቻ ይጠየቃል። ማመልከቻው ከቀጠሮው ቀደም ብሎ በጽሑፍ ቢገባ ይመረጣል፦ የመዝገቡ ቁጥር፣ የሚቀዳው ምስክር፣ የሚያስፈልግበት ምክንያት በግልጽ ተጽፎ። ስልክ ኪስ ውስጥ ከፍቶ በድብቅ መቅዳት ግን ዳኛውን ያስቆጣል፣ ጉዳዩንም ያበላሻል።

ዳኞች የመቅረጫ መሣሪያ ፈቅደው አያውቁም የሚል ካለ ተሳስቷል። በ1961 ኢየሩሳሌም በተካሄደው የናዚው የአይኽማን ችሎት ተከላካይ ጠበቃው ቢቃወምም ዳኞቹ ቀረጻውን ፈቅደዋል፤ ካሜራዎቹም ችሎቱን እንዳይረብሹ ከግድግዳ ጀርባ ተደብቀው ነበር። ከ2020 ወዲህ ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንዳንድ ችሎቶችን በቀጥታ ሲያስተላልፍ ሕዝቡ ቤቱ ተቀምጦ ተከታትሏል። በእንግሊዝም ከ2011 ጀምሮ ጋዜጠኞች ከችሎት በስልክ ጽሑፍ ለመላክ ፈቃድ መጠየቅ ቀርቶላቸዋል፤ ሌላው ታዳሚ ግን አሁንም ያስፈቅዳል።

የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ የመቅረጫ መሣሪያን ዋጋ ጠንቅቆ ያውቃል። በ2015 ሆሎን ውስጥ ቤተ እስራኤላዊው ወታደር ዳማስ ፓካዳ በፖሊስ ሲደበደብ የደህንነት ካሜራ ባይቀርጸው ማን ያምነው ነበር? ሰኔ 30 ቀን 2019 ከክርያት አታ አቅራቢያ፣ ክርያት ሐይም ላይ፣ ወጣቱ ቤተ እስራኤላዊ ሰሎሞን ተካ በፖሊስ ጥይት ሲገደል አገር ምድሩ በሰልፍ ተናወጠ። በሚቀጥለው ዓመት ፖሊሱ በቸልተኝነት ሞት በማድረስ ተከሰሰ። እንዲህ ባለ ጉዳይ ቤተሰብ እያንዳንዱን ቃል መስማት፣ ኋላም ማመሳከር መቻል አለበት።

ስለዚህ በአማርኛ የሚመሰክር ሰው በተጠራ ቁጥር ጠበቃው፣ በመንግሥት የተመደበውም ቢሆን፣ የቅጂ ማመልከቻ ሊያስገባ ይገባል። ፍርድ ቤቶችም ሳይጠየቁ ቢያዙት እንዴት በበጀ፤ ወጪውም ከምስክሩ ወይም ከተከሳሹ ቤተሰብ ኪስ መውጣት የለበትም።